ድንጋጤው ከሰውነቴ አልወጣ ሲል

አስተማሪ ነኝ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ግን በእኛ በሰሜን ሸዋ፣ በተለይ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ልቡ ያለ ምክንያት ድው ድው የሚልበት፣ ሌሊት ባንኖ እስኪነጋ የሚገላበጥ፣ በር ሲንኳኳ ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው በዝቷል። ይመረመራል፣ «ምንም የለብህም» ይባላል፣ ይመለሳል። ምንም የሌለበት ሰው ግን እንዲህ አይሆንም። እኔ አልፌበታለሁ፣ አሁን ተመስገን ደህና ነኝ። ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ መከራዬን ያሳጥርልኝ የነበረውን ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው የተነሳሁት።

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ ልጆቼን ይዤ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፣ አክስቴ ቤት። ባለቤቴ የታመሙ እናቱን ጥሎ መውጣት አልሆነለትም፣ ቀረ። ስልክ ጠፋ። ስለዚያ ሰሞን ብዙ አልልም፣ የደረሰበት ያውቀዋል። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ተረፉ። እኔም በኋላ ሥራዬን አዛውሬ ደብረ ብርሃን ቀረሁ።

የሚገርመው በዚያ ክፉ ሰሞን ጠንካራ ነበርኩ። ልጆች አበላለሁ፣ አክስቴን አጽናናለሁ፣ ለሌሎች ተፈናቃዮች ብርድ ልብስ አሰባስባለሁ። የጀመረኝ ነገር ሁሉ ሰከን ሲል ነው። ደመወዝ መግባት ጀምሯል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ባለቤቴ መጥቷል፣ ያን ጊዜ ሰውነቴ አልረጋም አለ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ብዙ ሰው «አሁንማ ምን ሆንኩ ብዬ ነው የምጨነቀው» እያለ በራሱ ስለሚያፍር ነው። አትፈሩበት። ሰውነት አንዳንዴ የሚንቀጠቀጠው አደጋው ካለፈ በኋላ ነው።

ሁኔታው ምን ይመስል እንደነበር በአንዱ ልንገራችሁ። ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ በረዶ ጣለ። ደብረ ብርሃን ላይ በረዶ ብርቅ አይደለም። ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። አፌ ደረቀ፣ ከንፈሬንና የጣቶቼን ጫፍ ወረረኝ፣ ዓይኔ ከበሩ ሌላ የሚያየው ነገር ጠፋ። ተማሪዎቼ ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጬ ቆሜያለሁ፣ ብርክ ይዞኛል። በረዶው አባርቶ፣ ደወል ተደውሎ፣ ቤቴ ገብቼ እራት ሠርቼ እንኳ ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር። ሌሊቱን ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ከዚያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። እንዲህ ያለው ሌሊት ተደጋገመ።

ከዚያ የምርመራው ጣጣ መጣ። አንድ ክሊኒክ ትኩሳት ሳይኖረኝ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ፣ ክኒን ዋጥኩ። ሌላው ጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ሰጠኝ። ጎረቤት ምች ነው አለ፣ ዳማከሴ ታሸልኝ። አክስቴ ብቻ ገና ከመጀመሪያው «ድንጋጤ ነው የገባብሽ ልጄ» ትለኝ ነበር። እንደ ድሮ ሰው ወሬ ቆጥሬ አልፌዋለሁ። ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች። ስለ ታይፎይዱ በኋላ የተረዳሁት፣ ቪዳል የሚባለው የደም ምርመራ ከብዙ ጊዜ በፊት ያለፈባችሁን ኢንፌክሽን ምልክት ይዞም ሊወጣ እንደሚችል ነው። ትኩሳት ሳይኖራችሁ በዚያ አንድ ወረቀት ብቻ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላችሁ «በምን አረጋገጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ነገሩ የተለወጠው ሆስፒታል ካርድ አውጥቼ አንዲት ረጋ ያለች ሐኪም ዘንድ የቀረብኩ ቀን ነው። አላጣደፈችኝም። መጀመሪያ ጭንቀት የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎችን አጣራች። ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስሮጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ከጭንቀት ለመለየት ያስቸግራል። ለዚህ ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ አለ። ደም ማነስም ልብን ያስመታል፣ ደም ውስጥ ያለ ስኳር ሲወርድም ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል። ግፊቴን፣ ስኳሬን፣ የደም መጠኔን፣ የእንቅርት ሆርሞኔን አየች፣ የልብ ኢሲጂ አስነሳችኝ። ሁሉም ደህና ሆነ። «ኮርቲሶሌስ አይለካም?» አልኳት፣ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን፣ ስሙን ከሰው ሰምቼ። መጠኑ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል በአንድ መርፌ ደም ተቀድቶ የጭንቀትን ልክ እንደማይናገር፣ ምርመራው የሚያስፈልገው የአድሬናል ዕጢ በሽታ ራሱ ሲጠረጠር እንደሆነ ነገረችኝ። ገንዘቤን አተረፈችልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረችልኝ፣ ጂኦግራፊ የማስተምረው እኔ ልብ ሳልለው የቀረሁትን። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ያልፋል። ከቆላ ወጥቶ ደጋ የገባ ሰው አየሩ ስለሚሳሳበት መጀመሪያ ሰሞን ልቡ ፈጠን ይላል፣ እንቅልፉም ይቆራረጣል፣ ብርዱም ራሱ ሰውነትን ያነቃዋል። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ቀድሞ የፈራ ሰው ግን ያንን የልብ ፍጥነት ሲሰማ «ይኸው ልቤ ታመመ» ይላል፣ ያ ፍርሃት ደግሞ ልቡን የባሰ ያስሮጠዋል። እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነበር።

ከዚያ ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ ሲሸተው ሁለት መልእክት ይልካል። አንዱ በነርቭ በኩል ይሄድና በሰከንዶች ውስጥ ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ከተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን ያስለቅቃል። ልብ የሚያስሮጠው፣ አፍ የሚያደርቀው፣ ላብ የሚያስመጣው እሱ ነው። ሁለተኛው ዘገም ይላል። ሃይፖታላመስ ከሥሩ ላለችው ፒቱታሪ ዕጢ ይነግራል፣ እሷ በደም በኩል ለእነዚያው አድሬናሎች ታስተላልፋለች፣ እነሱም ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ኮርቲሶል ለሰውነት ጉልበት እንዲሆነው ስኳር ወደ ደም ያስለቅቃል። በበቂ ሲጠራቀም ደግሞ ራሱ ተመልሶ አንጎልን «ይበቃል» ይለዋል፣ ነገሩም ይበርዳል። ለረጅም ጊዜ ስጋት ውስጥ የቆየ ሰው ላይ ግን ይህ ማብረጃ ሊላላ ይችላል። አንዴ ሌባ ያየ ውሻ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም እንደሚጮኸው ነው።

ይህን ስሰማ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። እብደት አይደለም፣ የልብ በሽታ አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። በተለይ አንድ ነገር ብዙ ጠቀመኝ፦ አድሬናሊን በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠፋል፣ ኮርቲሶል ግን ጫፍ የሚደርሰው ከድንጋጤው በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፣ እስኪወርድ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከደነገጥኩ በኋላ ሰዓት ሙሉ ባር ባር ቢለኝ አዲስ ነገር ተፈጠረ ማለት አይደለም፣ የቅድሙ ገና አልወጣም ማለት ነው። ያንን ሰዓት አሁን እንዲሁ አሳልፈዋለሁ። ልብስ አጥባለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ከግቢ ወጥቼ እዞራለሁ። ትልቅ ውሳኔ አልወስንም፣ ከባለቤቴ ጋር ክርክር አልጀምርም።

«ተረጋጊ» የሚለው ምክር ለምን እንደማይሠራም ያኔ ገባኝ። ይህ የሰውነት ክፍል ትእዛዝ አይሰማም። የሚሰማው ምልክት ነው፦ ብርሃን፣ ምግብ፣ ትንፋሽ፣ እንቅልፍ፣ የሰው ፊት። በቀን በቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ደህና ነሽ የሚል ምልክት ሲደርሰው ቀስ እያለ ያምናል። ቀስ እያለ ነው ታዲያ፣ በሳምንት አይደለም።

መጀመሪያ ግን የሚያባብሰውን ማስቆም ነበረብኝ። ከሁሉ የባሰው የልብ ምት መቁጠር ነበር። ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ፣ ስልኬ ላይም የልብ ምት መለኪያ ጭኜ ነበር፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ ቁጥሩ ይጨምራል። ሐኪሟ «ልብሽን እኛ አይተነዋል፣ ጠባቂ አያስፈልገውም» አለችኝ። መተግበሪያውን አጠፋሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ይሄድ ነበር። ያኔ መሐረብ ወይም ቁልፍ ጨብጬ እይዛለሁ። ተመርምራችሁ ደህና ከተባላችሁ፣ ይህን ልማድ ቀድማችሁ ተዉት።

ቀጥሎ ቡና። ይህን ስጽፍ ስንቱ እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። በባዶ ሆዴ ጠዋት እጠጣ ነበር፣ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤት ተጠርቼ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ካፌይን አድሬናሊንንም ኮርቲሶልንም ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስም በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ቡና 3 ሰዓት ማታ ለመተኛት ስዘጋጅ ግማሹ ገና ደሜ ውስጥ ነው። በአንዴ አላቆምኩም፣ በአንዴ ስታቆሙ ራስ ምታቱ አያስቆማችሁም። በመጀመሪያ በረካውን፣ ቀጥሎ የከሰዓቱን ሁሉ ተውኩ። አሁን ጠዋት ቁርስ ከበላሁ በኋላ አንድ ሲኒ አቦል፣ በቃ። ከሰዓት ቡናው ሲፈላ ግን አልቀርም። ቆሎዬን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ጭሱን አሸታለሁ፣ ጨዋታውን አደምቃለሁ። ከሰው መራቅ ከቡናው የበለጠ ይጎዳል። ለጫትም ያው ነው፣ እንዲያውም የባሰ፦ በውስጡ ያለው ካቲኖን ያንኑ የድንጋጤ ሥርዓት ነው የሚጎስመው። ማታ «ለእንቅልፍ» ተብላ የምትቀመሰው አረቄም እንቅልፉን ታመጣና ሌሊቱን ታቋርጠዋለች።

ወሬው ሌላ ጉድ ነው። አልጋ ላይ ሆኜ ቴሌግራምና ፌስቡክ አገላብጣለሁ። የት ተተኮሰ፣ መንገዱ ተዘጋ ወይስ ተከፈተ። ዘመድ ያለበት ሰው ወሬ አትስማ ቢሉት አይችልም፣ አውቃለሁ። እኔ ያደረግሁት፣ ከወንድሜ ጋር ተስማማን፦ ሁልጊዜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይደውልልኛል፣ ስለ ሸዋ ሮቢት ማወቅ ያለብኝን ይነግረኛል፣ አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ ባለቤቴን ያገኘዋል። ስልኬ ከእራት በኋላ ሳሎን ያድራል። ከአንድ ከሚታመን ሰው በአንድ የታወቀ ሰዓት መስማት፣ ከመቶ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከመስማት እጅግ ይለያል።

ስለ መድኃኒት ጠንከር ብዬ ልናገር። አንዲት የምወዳት ጎረቤቴ ለእሷ የታዘዘ ዳያዜፓም ሰጠችኝ፣ እውነት ነው ያስተኛል። ግን ሰውነት ይለምደዋል፣ ለመተውም ያስቸግራል፣ ያለ ሐኪም የሚነካ ነገር አይደለም። ሌላዋ ደግሞ ከስቼ ስታየኝ «ያወፍርሻል» ብላ ዴክሳሜታዞን እንድገዛ መከረችኝ። እግዜር አወጣኝ። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ፊት ያሳብጣሉ፣ ግፊትና ስኳር ያስነሳሉ፣ የጭን ጡንቻ ያደክማሉ፣ የራሳችንን አድሬናል ዕጢም ሥራ ያስፈቱታል። አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ይህን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቆሙ። ድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳችኋል። «ኮርቲሶል ያወርዳል» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና እንክብልም ገንዘባችሁን አታባክኑበት።

አሁን ወደ ጠቀመኝ ልምጣ። ጠዋት። ኮርቲሶል ከነቃን በኋላ በግማሽ ሰዓትና በአርባ አምስት ደቂቃ መካከል ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየወረደ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ለንጋቱ መነሳት ይጀምራል። 9 ሰዓት ላይ የምነቃው ሰይጣን ቀስቅሶኝ ሳይሆን፣ ለንጋት የሚነሳው ነገር እኔ ላይ ስለሚበረታ እንደሚሆን ሐኪሟ አስረዳችኝ። ይህን ዑደት የሚያስተካክለው ዋናው ነገር የጠዋት ብርሃን ነው። ስለዚህ እንደነቃሁ ጋቢዬን ደርቤ እወጣለሁ፣ ወደ በሬሳ ወንዝ በኩል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል፣ እግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ አፍንጫዬ ይቀላል። ደመና ቢሆንም እወጣለሁ፣ የደመና ቀን የውጭ ብርሃን ከቤት አምፖል ይበልጣል። ሩጫ አይደለም፣ ሰው እያናገርኩ መሄድ የምችለውን ያህል ፍጥነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሮጬ ላውጣው ብዬ ነበር፣ ልቤ ሲፈጥን ድንጋጤው ይመለስብኛል። ርምጃ ግን ልቤ ሳይፈራ መፍጠን እንደሚችል አስተማረው።

ከርምጃው መልስ ቁርስ። በሶ በጥብጬ፣ ወይ ቅንጬ፣ ወይ እንቁላል ሲፈቀድ። ባዶ ሆድ ለዚህ ሕመም ጠላት ነው። ከበሉ ብዙ ሰዓት ሲያልፍ ሰውነት ስኳሩን ከፍ ለማድረግ እነዚያኑ ሆርሞኖች ይጠራል። ጾም ላይ ተቸግሬ ነበር። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ስጾም ከሰዓት በፊት እጄ ይንቀጠቀጣል። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የታመመ ሰው ሥርዓት ሌላ ነው፣ መድኃኒት እንደምትውጪው ቁጠሪው» አሉኝ፣ እስክድን ሰዓቱን አቀለሉልኝ፣ ከሥጋና ከወተት እየተከለከልኩ ጠዋት እበላ ጀመር። እናንተም በራሳችሁ ከመወሰን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል መሄድ የምትፈልጉም ሂዱ፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ልቤ አርፎልኝ ተመልሻለሁ። ሐኪም የሰጣችሁን መድኃኒት ግን ጠበል ብላችሁ አታቋርጡ።

ትንፋሽ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ድንጋጤ ሲመጣ አየር ያነሰን ይመስለናል፣ በትልልቁ እንስባለን። ችግሩ ተቃራኒው ነው። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ከንፈርና ጣት የሚወረው፣ ራስ የሚያዞረው በእሱ ነው። መፍትሔው ማውጣቱን ማርዘም ነው። በአፍንጫ እስከ 4 ቆጥሬ አስገባለሁ፣ እስከ 6 ቆጥሬ አወጣለሁ። ረጅም አወጣጥ ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ልብን ያዘገየዋል። ቁጥሩ ሲያሰለቸኝ መቁጠሪያዬን ይዤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ አወጣጥ ቀስ ብዬ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን ውስጥ በካቶሊኮች መቁጠሪያ ጸሎት ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ ጸሎቱ ሲደጋገም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ያህል እንደሚያወርደውና ይህም ለልብ እንደሚስማማ አሳይቷል። አባቶቻችን ለሥጋ ብለው ባይጀምሩትም ሥጋንም ያሳርፋል። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ በዚክር እንዲሁ ቀስ ማለት ትችላላችሁ። ዋናው ምክሬ፣ ድንጋጤው እስኪመጣ አትጠብቁ። ደህና በሆናችሁበት ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ ጥቂት ደቂቃ ተለማመዱት። በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

ሌሊት ስትነቁ ሰዓት አትዩ። ሰዓት ማየት ስሌት ይጀምራል፣ «ሦስት ሰዓት ብቻ ቀረኝ» ይላል አእምሮ። እንቅልፍ እንቢ ካለኝ ተነስቼ ደብዘዝ ያለ መብራት ላይ ቁጭ እላለሁ፣ የልጆቹን ካልሲ እጠግናለሁ ወይ ዳዊት እደግማለሁ፣ ዓይኔ ሲከብድ እመለሳለሁ። ጠዋት ደግሞ ሌሊቱ እንዴትም ይሁን በዚያው ሰዓት እነሳለሁ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከባድ ነው፣ ግን እንቅልፌን የመለሰው እሱ ነው።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ረድተውኛል፣ ሥሩን ግን አልነቀሉትም። የጥይት ድምፅ ፍርሃት ነበር የቀረኝ። በእኛ አገር ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም ይተኮሳል። አንድ ለቅሶ ላይ ተኩስ ስሰማ ከድንኳኑ ወጥቼ ሮጥኩ። ያኔ ሐኪሟ ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ላከችኝ። አልሄድም ብዬ ቆየሁ። ሥነ አእምሮ ሲባል ሰው የሚታየው አማኑኤል ነው፣ ስሙን እንኳ በሹክሹክታ ነው የምንጠራው። ሄጄ ያገኘሁት አንድ ትሁት ባለሙያ ነው፣ ወንበር ስቦ የሚያዳምጥ። መጀመሪያ የሆነውን ነገር ከአፌ በቅደም ተከተል እንድናገር አደረገኝ፣ ቀስ እያልኩ፣ ደግሜ ደጋግሜ። ከዚያ የምሸሸውን ነገር በትንሽ በትንሹ እንድጠጋው። ከሁሉ በላይ የምሸሸው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደውን መንገድ ነበር።

ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር መጀመሪያ እስከ ጣርማ በር ብቻ ሄድን። ከዚያ ሌላ ጊዜ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን እስከ ደብረ ሲና። ዋሻው ውስጥ እጁን ጨብጬ የትንፋሼን አወጣጥ አረዘምኩ። ደብረ ሲና ላይ ልጆቹ ቆሎ ይዘው መስኮቱን ከበቡን፣ ገዛሁ፣ እየቆረጠምኩ ልቤን አዳመጥኩት። ይመታል፣ ግን እየወረደ ነው። ባለሙያው የነገረኝ ቁልፍ ነገር፣ ድንጋጤው ጫፍ ላይ ሳለ አትመለሺ፣ ዝቅ እስኪል እዚያው ቆይተሽ ተመለሺ የሚል ነበር። ጫፍ ላይ ስንሸሽ አንጎል «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይይዛል። ቆይተን ሲወርድልን ደግሞ አደጋ አለመኖሩን ይማራል። በኋላ ሸዋ ሮቢት ገባሁ፣ የእናቴ ግቢ ማንጎ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ይህን ዘዴ ግን አደጋው በእውነት ባለፈበት ቦታ ብቻ ነው የምትሠሩት። መንገዱ ዛሬም የሚያሰጋ ከሆነ ፍርሃታችሁ ልክ ነው፣ አትሂዱ።

ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ሥራ ስትሠሩ ወይ ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨመድዳችሁ ከሆነ፣ ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ፣ አንገታችሁ ላይ እብጠት ካለና እየበላችሁ ከከሳችሁ፣ ፊታችሁ ያለ ምክንያት ክብ እየሆነ ቆዳችሁ በትንሽ ነገር ከበለዘ፣ ወይም ሞት የተሻለ መስሎ ከታያችሁ። ለመጨረሻው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ የምታምኑትን ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ አብሯችሁ ይሂድ። ስትሄዱም በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፦ መቼ ጀመረ፣ በቀን በየትኛው ሰዓት ይብሳል፣ ምን ትጠጣላችሁ፣ ምን ክኒን ትወስዳላችሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ጊዜ የለውም፣ ወረቀቱ ለእናንተ ይናገራል።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ ድንጋጤው ሲመጣበት «ምን ሆንክ፣ ምን ሆንክ» እያላችሁ አትክበቡት። ውኃም ፊቱ ላይ አትርጩ። ባለቤቴ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። አያወራም። እኔ እንድሰማው አድርጎ ራሱ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ የኔም ሳላስበው ይከተለዋል። ሲያልፍልኝ «ብቻዬን ልብላ ወይስ ትበያለሽ?» ይለኛል፣ ተነስተን ወደ ጓዳ እንገባለን።